ያልበቀለው ሣር

ሰመራ ላይ ፎቶ ማንሳት የፈለገ ሰው መጀመሪያ ከፀሐይዋ ጋር መጣላት አለበት። እኔ ተጣልቻለሁ። ጠዋት ከሥራ ሰዓት በፊት ካልደረስኩ የመሥሪያ ቤታችን ቡገንቪሊያ ቀይነቱ ይቀርና ብዙ የታጠበ ጨርቅ ይመስላል። ስለዚህ ሌላው ሠራተኛ ቁርሱን ሲበላ እኔ አበባው ሥር ተንበርክኬ ስልኬን ሳገላብጥ ሁለት ዓመት አለፈኝ። "ዛሬም አበባዋን ልትጠይቅ መጣች" እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ።

ነገሩ የጀመረኝ ከአዋሽ ነው። አባቴ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ በነበረው ቤታችን ፓፓያና ሂና ተክሎ በዕቃ እጣቢ ውሃ ያሳድግ ነበር። አንዲት ጠብታ በከንቱ ከፈሰሰች ቤቱ ይናወጥ ነበር፤ ቁጣዬን ከማን እንደወረስኩ ይኸው ተናገርኩ። የዚያ ግቢ አንድም ፎቶ የለኝም። አባቴ ሞተ፣ ቤቱ ፈረሰ፣ ዛፎቹም አብረው ሄዱ። አንድ ሰው እንኳ አንድ ጊዜ ቢያነሳው ምን ነበረበት? ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

መጀመሪያ ያነሳኋቸው ፎቶዎች የማይረቡ ነበሩ። ግማሾቹ ላይ የራሴ ጥላ ተጋድሟል፣ የቀሩት ላይ ሰማዩ ነጭ ወረቀት ሆኗል። የፎቶ ማስተካከያ መተግበሪያ ስልኬ ላይ ጭኜ ስሞክር ደግሞ ቅጠሉ በየሆቴሉ ጠረጴዛ ላይ እንደሚቀመጠው የፕላስቲክ አበባ ሆነብኝ። ቀስ በቀስ ገባኝ። የስልክ ዓይን ከሰው ዓይን ይደክማል፤ እኔ በጥላው ውስጥ ያየሁትን ቅርንጫፍ እሱ ጥቁር አድርጎ ያስቀረዋል። ስለዚህ ጥላውን ትንሽ አነሳለሁ፣ የሚያንጸባርቀውን ትንሽ አወርዳለሁ። ቀለም ግን አልነካም። ቅጠሉ ቢጫ ከሆነ ቢጫ ነው፤ ምን ቤት ነኝና አረንጓዴ አደርገዋለሁ?

ዝናብ በጠፋበት ሰሞን ውሃ የሚያመጣው ቦቴም ቀረ። የግቢው ሣር ገለባ ሆነ። የተረፈው ግንቡን ተደግፎ የወጣው ቡገንቪሊያና ቧንቧው ሥር ያለው ጥቂት ቁጥቋጦ ብቻ ነበር። አንድ ጠዋት ያንን የደረቀ መሬትና ከላዩ የተንጠለጠለችውን አንዲት ቀይ ቅርንጫፍ አነሳሁ። ከፎቶዎቼ ሁሉ የምወደው እሱን ነው። የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያችን አየውና "ለመሥሪያ ቤቱ ገጽ ይሆናል፣ ላኪልኝ" አለኝ። ደስ ብሎኝ ላክሁለት።

በማግስቱ ገጹን ስከፍት ዓይኔን ማመን አቃተኝ። መሬቱ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ሆኗል። ከላዩ "በበረሃ የለመለመ ግቢ" ተብሎ ተጽፎበታል። በቀጥታ ቢሮው ገባሁ።

"ሣራችን መቼ ነው የበቀለው?" አልኩት።

"አንቺ ደግሞ!" አለኝ፤ ቀና ብሎም አላየኝም። "ገጽታ ግንባታ ነው። ማን ይጎዳበታል ብለሽ ነው?"

በሩን ወርውሬ ወጣሁ።

የጥያቄው መልስ ከቀናት በኋላ በጭነት መኪና ተጭኖ መጣ። የግቢው ጥበቃ፣ አፋር ነው፣ በመስኮት ጠራኝ። በሩ ላይ ስደርስ በዕድሜ የገፉ አንዲት የአፋር ሴት በፍየሎቻቸው ተከበው ቆመዋል። የፍየሎቹ ጎድን አጥንት ከሩቅ ይታያል።

"ከአዳይቱ ነው የመጣችው" አለኝ ጥበቃው። "እዚህ ግቢ ሣር አለ ሲባል ሰማች። በዳጉ ነው የሰማችው።"

አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ተቀምጦ ወሬ ይለዋወጣል፤ ዳጉ ይህ ነው። ዝናብ የት ጣለ፣ ሣር የት አለ፣ ሁሉም በዳጉ ይሄዳል። ሰሚው "በዓይንህ አየኸው ወይስ ሰማኸው?" ብሎ ይጠይቃል። አየሁ ያለ ሰው ኃላፊ ነው። ሎጊያ ላይ አንድ ወጣት ያንን ፎቶ ስልክ ላይ ተመልክቶ "አየሁ" ብሏል። አልዋሸም፤ አይቷል። ሴትየዋም ከድርቁ የተረፉትን ፍየሎች ጭነው፣ ግቢው ሣር ላይ ለማሰማራት ሊያስፈቅዱ መጡ።

ሴትየዋ በበሩ ብረት መካከል ወደ ውስጥ አዩ። አንድ ነገር አሉ።

"ሣሩ የት አለ ነው የምትልሽ" አለኝ ጥበቃው።

ሮጬ ሄጄ ባለሙያውን ከቬንትሌተሩ ሥር አስነስቼ አመጣሁት። ፍየሎቹን አየ፣ ሴትየዋን አየ፣ ሰዓቱን አየ። "ፎቶው የአምና ነው በላት" አለው ጥበቃውን።

"እኔ አልልም" አለ ጥበቃው። "ነገ ዳጉ ላይ ውሸታም ከተባልኩ ማን ያናግረኛል?"

"እንግዲህ እኔ ስብሰባ አለኝ" ብሎ ባለሙያው ተመለሰ። ስብሰባ! በቁመቱ ልክ ልሰድበው ፈልጌ ነበር፤ ሴትየዋ ግን በሩ ላይ እየጠበቁ ነው።

ስለዚህ እኔ ነገርኳቸው፤ ጥበቃው ተረጎመ። ሣር የለም፣ ፎቶው ላይ በስልክ የተቀባ ነው አልኩ። ቢጮሁብኝ በወደድኩ። አልጮሁም። "ፎቶውን ማን አነሳው?" ብቻ አሉ። "እኔ" አልኩ። እጄ ላይ ያለውን ስልክ ጥቂት አይተው ወደ ፍየሎቻቸው ዞሩ። አንዷ የበሩ ጥላ ሥር ተኝታለች፤ ሊያስነሷት ቢሞክሩ እምቢ አለች።

"በሩን ክፈተው" አልኩት ጥበቃውን።

"ያባርሩኛል፣ እህቴ።"

"እኔ ከፈትኩ በል፤ እውነት ነው" ብዬ ራሴ ከፈትኩት።

ፍየሎቹን እሾሁ እንኳ አላገዳቸውም። ሁለት ዓመት የተንበረከኩለትን ቡገንቪሊያ አፋቸው እስከደረሰበት ከፍታ ድረስ ላጡት። የቧንቧውን ቁጥቋጦ ጨረሱ። የተኛችዋን ፍየል ሴትየዋ ቅጠል በእጃቸው አጎረሷት። ለአንድ ቀን የሚበቃም አልነበረም፤ ይህንንም ሁላችንም እናውቃለን። አለቀስኩ፤ ለአበባው አይደለም፣ በንዴት ነው።

ከዚያ በቀትር ፀሐይ፣ ፎቶ በማይነሳበት ብርሃን፣ ሴትየዋን አስፈቅጄ አነሳሁ። የተላጠው ግንድ፣ ገለባው፣ ጎድን አጥንቱ ሁሉም ወጣ። ጥላውን እንኳ አልነካሁም። ለባለሙያው "ይህንንም ለጥፈው" ብዬ ላክሁለት።

ሴትየዋ ገና ከበሩ ሳይርቁ መልሱ ደረሰኝ።

"አሪፍ ፎቶ ነው! ግን ፍየሎቹ በጣም ከስተዋል። ትንሽ ሞላ ላድርጋቸውና ልለጥፈው?"