ከዛሬ ጀምሮ ለሚገቡ

ባለቅኔውን በደንብ አውቀዋለሁ ብል ውሸት ይሆናል። በአንድ መሥሪያ ቤት አብረን አርጅተናል፤ እኔ መዝገብ ቤት፣ እሱ ሰርቨሩ፣ የሁላችን ፋይል የሚቀመጥበት ዋናው ኮምፒውተር፣ ያለበት ጠባብ ክፍል ውስጥ። ቤቱ ሄጄ ግን አላውቅም፤ ስለ ራሱም አጫውቶኝ አያውቅም። የምጽፈው ያየሁትንና የሰማሁትን ነው፤ ያመለጠኝ ብዙ ይሆናል።

ስሙ ባለቅኔ ይሁን እንጂ ቅኔ አይቀኝም። አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር ስሙን ሰርቨሩ ላይ የሚከፍትለት እሱ ነው። ስም ሲከፈት ማሽኑ ለሰውየው የግል ፎልደር አብሮ ይፈጥርለታል። «የግል» ይባል እንጂ ፎልደሩ ሲፈጠር በሩ ገርበብ ብሎ ነው። ሌላው ሰው አይጽፍበትም፤ ገብቶ ማየትና መስማት ግን ይችላል። የማሽኑ የኖረ ልማድ ነው። ባለሙያው በማሽኑ ትእዛዝ ውስጥ ያለች አንዲት መስመር ካልለወጠ በቀር ለአዲስ መጪ ሁሉ እንዲሁ ይከፈታል።

የእኛ ሰዎች ይህን ያውቃሉ። አዲስ ሰው በገባ ቁጥር «ሙሽራ እንይ!» ተባብለው ፎልደሩን ይበረብራሉ። የተበረበረው ሰው አልቅሶ ወይ ተሳድቦ ባለቅኔው ዘንድ ይወጣል፤ እሱም የዚያን ሰው ብቻ ይዘጋለታል። ያቺን መስመር ግን አይነካትም።

እሱም በጊዜው ሙሽራ ነበር። በወጣትነቱ ሒሳብ ክፍል የነበረች ልጅ ወዶ ግጥም ጻፈላት፤ እስኪሰጣት ፎልደሩ ውስጥ አስቀመጠው። ሠራተኞቹ ከዚያ አንብበውት ደረጃ ላይ ጠብቀው ተቀባበሉት፤ አንዱ ስንኙን ሲጀምር ሌላው ይጨርሳል። ልጅቷ ሌላ ቅርንጫፍ ተዛወረች፤ እሱ ቅጽል ስሙን ታቅፎ ቀረ። ይባስ ብሎ ከሠራተኞቹ አንዷ የታላቅ እህቱ ጎረቤት ነበረች። እህቲቱ ግጥሙን አጥንታ፣ እንግዳ በተሰበሰበበት፣ እሱ ቁጭ ብሎ ሳለ በቃሏ ወጣችው አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ባለፈው ዓመት ደረጃውን እያለከለከች የወጣችው ይህችው እህቱ ናት። እኔ የይለፍ ቃሌ ጠፍቶብኝ እሱ ክፍል ተቀምጬ ነበር። ሴት ልጇ በስልክ መልስ ሰጪነት ለሙከራ ተቀጥራለች፤ ስሟንም ባለቅኔው አንድ ቀን ቀደም ብሎ ከፍቶላታል።

«አንተ፣ የልጄን ዝጋልኝ» አለችው ገና ሳትቀመጥ።

«ምኗን?»

«ያንን ፎልደር የምትሉትን ነዋ! አፏ እንደሚያዝባት ታውቃለህ። ድምጿን እየቀዳች፣ መልሳ እየሰማች ነው የምትለማመደው፤ እዚያው ነው የምታስቀምጠው። ይቺን ሙከራ ካላለፈች ደግሞ ማን ይቀጥራታል? አንተን እንዳደረጉህ እንዳያደርጓት።»

«አንቺስ አላደረግሽኝም?»

«ልጅ ነበርኩ።»

«ባል አግብተሽ ነበር።»

«እሺ፣ ስቄያለሁ! ግጥሙ ያስቅ ነበር፣ ምን ላድርግ?»

እኔ ወለሉን አየሁ። ባለቅኔው ግን ፈገግ አለ። ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «ነይ እዪ» ብሎ ስክሪኑን ወደ እሷ አዞረና ትንሽ ጻፈ። «በቃ፣ ያቺ መስመር ተለወጠች። ከዛሬ ጀምሮ ለሚገባ ሰው ሁሉ ፎልደሩ ተዘግቶ ይፈጠራል።»

«ወንድም ጋሻ ነው መቼም!» ብላ ግንባሩን ሳመችው። መርቃው ወረደች።

ልጅቷ ቀጭን፣ ሰው ሲያያት አንገቷን የምትደፋ ነበረች። አንድ ጠዋት ባለቅኔውን ኮሪደር ላይ አስቁማ፣ ቃሉን በግድ እየገፋች፣ «ጋሼ፣ የ... የኔ ዝግ ነው አይደል?» ስትለው ሰምቻለሁ።

«እናትሽ በዓይኗ አይታለች» አላት፤ አለፈ።

ከሥራ ሰዓት ቀድማ እየገባች ትለማመድ ነበር። ስልክ ላይ ስትናገር ምንም አይታወቅባትም፤ ሳትደናቀፍ ትጨርሰዋለች። አለቃዋ እንኳ አመስግናታለች።

ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ደንበኛ እያነጋገረች ሳለ፣ ከጀርባዋ ካለው ጠረጴዛ የገዛ ድምጿ በስፒከር ተለቀቀ። «ጤ... ጤ... ጤና ይስ... ይስ...» ክፍሉ በሳቅ አወካ። «ሙሽራዋ ዘፈነች!» አለ አንዱ። «ድገሙላት፣ ጉሮሮዋ እስኪከፈት!» አለች ሌላዋ። ልጅቷ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ እንደደፋች አፏ ተከፍቶ ቀረ። በስልኩ ደንበኛው «ሃሎ! ሰው የለም እንዴ? ሃሎ!» እያለ ይጮሃል። አለቃዋ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ስቀው የነበሩትን ምንም አላለቻቸውም፤ ልጅቷን ግን «ለስልክ አትሆኚም» ብላ በሳምንቱ አሰናበተቻት።

እናቲቱ ተመልሳ መጣች። የዚያን ጊዜ ጩኸቷ መዝገብ ቤት ድረስ ተሰማ።

«ዘጋሁ አላልከኝም?»

«ዘጋሁ። ፊትሽ።»

በተሰናበተችው ልጅ ወንበር ሌላ ተተካች። ሰዎቻችን እንደ ልማዳቸው ሙሽራ ሊያዩ ገቡ፤ ማሽኑ «አይፈቀድም» አላቸው። ደግመው ሞከሩ፣ ተራገሙ፣ ተዉት። ከዚያ ወዲህ የገባ አዲስ ሰው የተነካበት የለም።

ነገሩ ስላልገባኝ የይለፍ ቃሌን ሰበብ አድርጌ እሱ ክፍል ወጣሁ። የእህቱ ልጅ ፎልደር ተከፍቶ የተተኪዋ እንዴት ተዘጋ ብዬ ጠየቅሁት።

«መስመሯ የምትሠራው ከተለወጠች በኋላ ለሚፈጠር ነው» አለኝ፣ ማሽኑን በጨርቅ እየወለወለ። «ቀድሞ የተፈጠረውን አትነካም። የሷ የተፈጠረው ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ነው። ለብቻው መዘጋት ነበረበት።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለሰው ሁሉ ለብቻው ስትዘጋ አልኖርክም?»

«ኖሬያለሁ።»

ድፍረቱን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። «እህትህ ፊት ስትጽፍ፣ ለልጅቷ እንደማይሠራ ታውቅ ነበር?» አልኩት።

ጨርቁን አጠፈ። መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

«ይህን አልነግርህም» አለኝ።