ሬሳውን፣ ቄሱንና አሽከሩን ያለበስኩባቸው ዓመታት

ሥራ የጀመርኩ ቀን የወገብ ቀበቶና ወፍራም ጓንት ይዤ ነው የሄድኩት። ሥራውን የጠቆመኝ የሲልቨር ስፕሪንግ ጎረቤቴ «አሌክሳንድሪያ አንድ ትንሽ ቴአትር ቤት አለ፤ ዋርድሮብ ላይ ሰው ይፈልጋሉ» ብሎኝ ነበር። እኔ ዋርድሮብ ሲባል የማውቀው ቁም ሳጥን ነው። ሸክም ነው ብዬ ወገቤን ጠፍሬ፣ አፍንጫው ብረት የሆነ ጫማ ተጫምቼ፣ ባቡር ቀያይሬ ደረስኩ። በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ላይ መሆኑ ነው።

ዋርድሮብ የሚሉት ለካ የቴአትሩን የልብስ ክፍል ነው፤ ኃላፊዋ ዳያን ትባላለች። ስፒል በከንፈሯ ይዛ የምታወራ ግዙፍ ሴት ናት። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«ምን ልትሸከም ነው የመጣኸው?»

«ቁም ሳጥኑን።»

ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አወጣች። እንደዚያ የምታደርገው ሳቅ ሲመጣባት እንደሆነ በኋላ ነው ያወቅኩት። «መርፌ ታውቃለህ?» አለችኝ። ደሴ ከተማ ሙሉ ልብስ ሰፊ እንደነበርኩ ነገርኳት። «እንግዲያው ጓንቱን አውልቅ» አለች። በዚህ ተቀጠርኩ።

የመጀመሪያው ትእዛዝ ሦስት ቁጥር መልበሻ ክፍል ገብቼ ጥቁር ካፖርት እንዳመጣ ነበር። በሩን ከፈትኩ። አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ሶፋ ላይ ተዘርግተዋል፤ አፋቸው ተከፍቷል፣ አንድ እጃቸው መሬት ነክቷል፣ ዓይናቸው ጣሪያ ላይ ቀርቷል። ጠራኋቸው፤ ዝም። ትከሻቸውን ነቀነቅኩ፤ ዝም።

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን!» ብዬ ጮህኩ። በሥራ የመጀመሪያ ቀኔ ሰው ሞተብኝ።

ሬሳው ዓይኑን ሳይነቅል «አመሰግናለሁ» አለ። «ዳይሬክተሩ የሞተ አትመስልም ብሎኝ ነበር። እስቲ ሄደህ ንገረው።»

ሚስተር ኦርላንዶ ፖትል እኚህ ናቸው። እንግሊዛዊ ናቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጡረታ እስኪወጡ ያለበስኳቸው እኔ ነኝ።

ሥራችንን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ከላይ ልብሱን የሚነድፍ ዲዛይነር አለ። ከሥሩ እንደ ዳያን ያለ ኃላፊ፣ ከዚያ ሰፊዎች፣ ከሁሉም በታች ደግሞ ድሬሰር፣ ማለትም አልባሽ ይመጣል። አልባሽ ወገቡ ላይ ሽርጥ ያስራል። ኪሱ ውስጥ መርፌ ቁልፍ፣ ክር የገባበት መርፌ፣ የጢም ሙጫና ትንሽ ባትሪ ይይዛል። ከመጋረጃ ጀርባ ጨለማ ስለሆነ ባትሪው በጥርስ ይነከሳል፤ ሁለት እጅ ደግሞ ሰውዬውን ያለብሳል። የድሬሰር ጥርስ ቶሎ ያልቃል።

ሚስተር ፖትል የሕይወት ታሪካቸውን የነገሩኝ እንዲሁ በቁርጥራጭ ነው፤ አንዱን እጅጌ ሳስገባ አንድ ዓመት፣ ሌላውን ሳስገባ ሌላ ዓመት። አባታቸው ባሕር ዳርቻ ባለች አንዲት የእንግሊዝ ከተማ ዓሣ ሻጭ ነበሩ። ልጃቸው ተዋናይ ልሁን ሲል «ቢያንስ እንደ ዓሣ አትገማም» ብለው ፈቀዱ። የመጀመሪያው ሚናቸው የፈረስ የኋላ እግር ነው። ጨርቅ ፈረስ ውስጥ ጎንበስ ብለው፣ ፊት ለፊት ያለውን ሰውዬ ወገብ ይዘው ሦስት ክረምት ሠሩ።

«ከዚያስ?» አልኳቸው።

«እድገት አገኘሁ። የፊት እግር ሆንኩ።»

በኋላ ከአንድ ተጓዥ ቡድን ጋር አሜሪካ መጡ። አሌክሳንድሪያ ውስጥ መጽሐፍ ሊዋሱ ቤተ መጻሕፍት ገብተው መጽሐፉን ያዋሰቻቸውን ሠራተኛ አገቡ፤ ቡድኑ ሲመለስ እሳቸው ቀሩ። እኔ ሳገኛቸው ሚስታቸው ሞተው ብቻቸውን ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያልሆኑት ነገር የለም፤ ቄስ፣ ዳኛ፣ ሐኪም፣ ሬሳ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የጌቶች አሽከር። «በፊልምም በመድረክም በር ከፍቼ ያላስገባሁት ሰው የለም» ይሉኝ ነበር። ዋና ሰው ግን አንድ ቀን ሆነው አያውቁም።

አንድ ዓመት ሦስት ሚና በአንድ ቴአትር ተሰጣቸው፤ መጀመሪያ ቄስ፣ ቀጥሎ ፖሊስ፣ በመጨረሻ አክስት። ከቄስ ወደ ፖሊስ ለመቀየር ያለን ጊዜ አንዲት ዘፋኝ አጭር ዜማ እስክትጨርስ ነው። የሸሚዙን ቁልፍ ሁሉ አውልቄ ከኋላ በሚጣበቅ ጨርቅ ቀየርኩት፤ ሱሪውን ጫማው ላይ ከምሬ አስቀምጣለሁ፤ እሳቸው ይዘሉበታል፣ እኔ ወደ ላይ እጎትታለሁ።

አንድ ቀን ባትሪዬ ጠፋ። በዳበሳ አለበስኳቸውና ገፋኋቸው። መድረኩ ላይ መብራት ሲያርፍባቸው አየሁ፤ ራሳቸው ላይ የፖሊስ ቆብ፣ አንገታቸው ላይ የቄስ ነጭ ኮሌታ። ሌባውን የሚጫወተው ልጅ አፉን ከፍቶ ቀረ። ሚስተር ፖትል ኮሌታውን ዳበስ አደረጉና በረጋ ድምፅ «ልጄ፣ መጀመሪያ ተናዘዝ፤ ከዚያ አስርሃለሁ» አሉት።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ዳይሬክተሩ ግን አልሳቀም። ትዕይንቱ ሲያበቃ ከመጋረጃው ጀርባ መጣ። «ማነው ያለበሰው?» አለ። እኔ አፌን ሳልከፍት ሚስተር ፖትል «እኔ ነኝ የመረጥኩት። ባሕርዩን በጥልቀት አስቤበት ነው» አሉ። ዳይሬክተሩ እየተነጫነጨ ሄደ። እሳቸው ባይደርሱልኝ ያን ቀን ከሥራ እባረር ነበር። በማግስቱ ሁለት ባትሪ ይዤ መጣሁ።

ረመዳን ሲመጣ ማፍጠሪያዬን በሳህን ይዤ እገባለሁ፤ ቴምር፣ ውኃና ባለቤቴ የጠበሰችው የምስር ሳምቡሳ። ሚስተር ፖትል ሳምቡሳ የሚወዱት ነገር ሆነ። በአንዱ ረመዳን ክዳኑ በተከፈተ የሬሳ ሣጥን ውስጥ የሚተኛ ሟች ይጫወቱ ነበር። ፀሐይ ጠልቃ እኔ ሳፈጥር አንዱን ሳምቡሳ አነሱና አፋቸው ውስጥ ከተቱ። ወዲያው ተጠሩ። ሳይውጡ ሮጠው ሣጥኑ ውስጥ ተኙ።

ባለቤቴ ያን ቀን ቃሪያ አልቆጠበችም። መጋረጃው ተከፈተ፤ መበለቲቱ ሣጥኑ ላይ ተደፍታ ታለቅሳለች። የሟቹ ፊት ቀስ በቀስ ቲማቲም መሰለ። ከዚያ ከተጨፈኑት ዓይኖች እንባ ወረደ። አንድ ዘለላ አይደለም፤ እስከ ጆሮ የሚደርስ ጅረት ነው። መበለቲቱ ስታየው ሳቋ አመለጣት፤ ፊቷን የሟቹ ደረት ላይ ቀብራ ትከሻዋ እስኪነቃነቅ ሳቀች። ተመልካቹ ሲቃ መሰለው። ፊት ወንበር ላይ ያሉ ሰዎች መሀረብ አወጡ።

በማግስቱ አንድ የአካባቢ ጋዜጣ የሚያለቅሰውን ሟች አድንቆ ጻፈ። «ደፋር የዳይሬክተር ምናብ» ብሎታል። ዳይሬክተሩ ጋዜጣውን ይዞ ልብስ ክፍል መጣ።

«ሰይድ፣ ያ ምግብ ምን ነበር?»

«ሳምቡሳ።»

«ነገም ይኑር። ያው ቅመም።»

ዳያን በግድግዳው የሥራ ዝርዝሬ ላይ፣ «ጥቁር ካፖርት ይተኮስ» ከሚለው በታች፣ «አንድ ሳምቡሳ፣ የሚያቃጥል» ብላ ጻፈችበት። ባለቤቴ ቴአትሩ እስኪያልቅ ሬሳ አስለቀሰች።

የዚያን ዓመት ዒድ ቤቴ ጋበዝኳቸው። ከሜትሮ ወርደን በሲልቨር ስፕሪንግ ስናልፍ አንድ ካፌ በር ላይ የተቀመጡ ታክሲ ነጂ ሽማግሌ፣ ጋሽ ተፈራ፣ ተነስተው ቆሙ። ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ሰይድ፣ እኚህን ሰው ከየት አመጣሃቸው? ሮክቪል ኮርት የፈረዱብኝ ዳኛ እኮ ናቸው!»

ሚስተር ፖትል ቴሌቪዥን ላይ ዳኛ ሆነው ስለሚታዩ ነው። ላስረዳቸው ብል ጋሽ ተፈራ አልሰሙኝም። «ቀይ መብራት አልጣስኩም ብያለሁ፤ ቢጫ ነበር፤ ንገራቸው» አሉኝ። ተረጎምኩ። ሚስተር ፖትል ካፖርታቸውን ሰበሰቡ፣ አገጫቸውን ቀና አደረጉ፣ በዚያ የችሎት ድምፃቸው «ጉዳዩን ዳግመኛ መርምሬዋለሁ። ቢጫ ነበር» አሉ።

ጋሽ ተፈራ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ፍትሕ አለ!» አሉና ለካፌው ሰው ሁሉ ሻይ ጋበዙ። እውነቱን እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም።

አሁን ወደዚያ እሑድ ልምጣ። የቀትር ትርዒት ነበር። ቴአትሩ የአንድ የእንግሊዝ ጌታ ቤት ታሪክ ነው። ዋናው ተዋናይ ጌታውን፣ ሚስተር ፖትል አሽከሩን ይጫወታሉ። አዳራሹ ሞልቷል። ባለቤቴና ልጄ ሀናንም አሉ፤ ሀናንን ትምህርት ቤቷ ቴአትር አይታ እንድትጽፍ አዟት ነው። በረዶ ጣለ። ዋናው ተዋናይ ኮል አደረገ፤ ከተማውን በሚዞረው ቤልትዌይ ላይ መኪና ተጋጭቶ መንገዱ ተዘግቷል፤ አይደርስም።

የእሱ ተጠባባቂ ሚስተር ፖትል ናቸው። ቃሉን ሁሉ ያውቁታል። ግን ፊታቸው ነጣ።

«አሽከሩንስ ማን ይሆናል?» አለ ዳይሬክተሩ።

ዳያን ስፒሎቿን ከአፏ አወጣች። «ሰይድ» አለች። «ልብሱን በራሱ ላይ እየለካ የሰፋው እሱ ነው፤ ልኩ ነው። ቃሉንም ከመጋረጃ ጀርባ በየቀኑ ይሰማዋል።»

ሚስተር ፖትልን የጌታውን ልብስ አለበስኳቸው። ከዚያ እሳቸው እኔን አለበሱኝ። የአንገት ማሰሪያዬን እያሰሩ «ለመተወን አትሞክር» አሉኝ። «ትሪውን ብቻ ያዝ። ትሪ የያዘን ሰው ማንም አይጠራጠረውም።»

የመጀመሪያው ቃሌ «ሠረገላው ደርሷል፣ ጌታዬ» ነው፤ ሠረገላ በእንግሊዝኛው «ካሪጅ» ይባላል። ገባሁ፣ ትሪዬን ያዝኩ፣ ተናገርኩ። አዳራሹ ትንሽ ሳቀ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ቀጠልን።

ሁለተኛው ትዕይንት ላይ የበሩ ደወል ጮኸ። ጌታው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው መልእክቱን መጠበቅ አለባቸው። እኔ ወደ በሩ ሄድኩ። ዞር ስል ሚስተር ፖትልም ተነስተው እየመጡ ነው! ደወሉን ሲሰሙ እግራቸው ራሱ አነሳቸው። በሩ ጋ እኩል ደረስን። የበሩን እጀታ እሳቸው ያዙ፣ እጃቸውን እኔ ያዝኩ። ዓይናቸውን ሳይ ቃሉ ሁሉ ከራሳቸው እንደጠፋ ገባኝ። እዚያው ፈርሰው ሊቀሩ ነው። ስንት ዘመን የጠበቁት ቀን በር ላይ ሊያልቅ ነው።

ቃሉ ላይ የሌለ ነገር ከአፌ ወጣ። «ጌታዬ፣» አልኩ፣ «ዛሬ ይቀመጡ። በሩን እኔ እከፍታለሁ።»

መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም፤ ከዚያ ጭብጨባ ሆነ። ሚስተር ፖትል እጀታውን ለቀቁ። «ልክ ነህ» አሉና ሄደው ተቀመጡ፤ እግራቸውን አነባበሩ። ከዚያ በኋላ አንድም ቃል አልሳቱም። ጌታ ነበሩ። መጨረሻ ላይ ሕዝቡ ከወንበሩ ተነስቶ አጨበጨበላቸው፤ እኔም ከነትሪዬ ጎንበስ አልኩ።

ከመጋረጃው ጀርባ ሀናን እየሮጠች መጣች። «ዳድ፣ ዩ ዌር አክችዋሊ ጉድ!» አለችኝ፤ የምር ጎበዝ ነበርክ ማለቷ ነው። ከዚያ ሳቋ አላናግር አላት። «ባት ዳድ… ካሪጅ አላልክም። ጋራዥ ነው ያልከው። ጋራዡ ደርሷል፣ ጌታዬ!»

ዳይሬክተሩ ሚስተር ፖትልን እቅፍ አድርጎ በሚቀጥለው ዓመት ዋና ሚና እንደሚሰጣቸው ነገራቸው። እሳቸው ፊታቸውን በፎጣ እየጠረጉ «አልፈልግም» አሉ። «ጌታ ሙሉ ትርዒት መቀመጥ አለበት። ወገቤን አመመኝ።» የምራቸውን ነበር። ከዚያ በኋላም የሠሩት ቄስና አሽከር፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ሐውልት ነው።

ጉልበታቸው ሲደክም ሥራ አቆሙ፤ እንግሊዝ ወደምትኖር እህታቸው ሄዱ። ሻንጣቸውን የሸከፍኩት እኔ ነኝ። ሲለዩኝ ትከሻዬን መታ አድርገው «ከአንተ በፊት የነበሩት አልባሾች ሁሉ ዋናውን ተዋናይ ጨርሰው ነበር ወደ እኔ የሚመጡት» አሉኝ። ከጥቂት ዓመት በኋላ እህታቸው ጻፈችልኝ፤ ተኝተው አርፈዋል። አንድ ሰዓት ሙሉ ሬሳ እየተጫወቱ መስሏት ሻይ እንዳቀረበችላቸው ነግራኛለች። እየሳቅኩ አለቀስኩ።

እኔም አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። አዲስ አልባሾች ሲቀጠሩ ዳያንን የተካችው ኃላፊ አንዳንዴ ትጠራኛለች፤ ሥራውን አሳያቸዋለሁ። የምነግራቸው ይህን ነው። መጀመሪያ የትንሹን ሚና ልብስ ተኩሱ። ዋናው ተዋናይ ሁለት ሰዓት ስለሚታይ የተጨማደደ ኮሌታው ይረሳለታል። አንድ ደቂቃ የሚታይ ሰው ግን ያለችው ያቺው ደቂቃ ናት።