ልጣጩ የእኛ በነበረ ጊዜ

በመላው እስራኤል፣ ከብርቱካን ልጣጭ ዘይት ማውጣትን ከእኔ በፊት ያሰበ ሰው የለም። ባለፈው ዓርብ ይህን ለልጄ ለማያን ስነግራት ሳቀችብኝ። ለሰንበት ወለሉን የምታጥብበት፣ ብርቱካን ብርቱካን የሚሸት ጠርሙስ በእጇ ነበር። መነጽሬ ጠፍቶብኛል ብያት ጀርባውን ጮክ ብላ አነበበችልኝ።

"ከልጣጭ የተሠራ ነው ይላል፣ አባ። ያንተ ስም ግን የለበትም።"

ደሜ ፈላ። እሺ፣ እውነቱን ልናገር፦ የሠራሁበት ፋብሪካ ሰዎች ነገሩን ከእኔ በፊት ያውቁት ነበር። የእኔ ድርሻ አካፋ ነበር።

ከሠራዊት እንደወጣሁ፣ በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ፣ ከነታንያ ወጣ ብሎ ባለ የጭማቂ ፋብሪካ ተቀጠርኩ። እዚህ አገር ብርቱካን የሚደርሰው በዝናቡ ወራት ነው። በቃዲማ ዞራን መንገድ መኪናው ጭኖ ይመጣል፣ ጭማቂው ወደ ጠርሙስ ይሄዳል፣ ልጣጩ ጓሮ ይከመራል። ክምሩ ከራስ ዳሸን ቢያንስ በጥቂት ነው። ዝናብ ሲመታው ይኮመጥጥና እንደ ከረመ አተላ አፍንጫ ይሰነጥቃል። ይህን እየዛቅን ለከብት መኖ በመኪና የምንጭነው ሁላችንም ሐበሾች ነበርን። ማታ በአውቶቡስ አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው ጠፋ፤ የማይሸሹኝ ንቦች ብቻ ነበሩ።

አንድ ቀን ዮራም የሚባለው መሐንዲስ ሰበሰበን። አዲስ ማሽን መጥቷል አለ። መጀመሪያ ለሽቶና ለሳሙና የሚሆን ዘይት ይወጣል፣ ከቀሪው ማርማላታ የሚያረጋ ዱቄት ይሠራል፣ ለላሞቹ የሚደርሳቸው የመጨረሻው ግርድ ነው።

"ከዛሬ ጀምሮ ይህ ቆሻሻ አይደለም" አለ።

አጨበጨብን። ቀጥሎ ማሽኑ ላይ የሚቆሙት ኩርስ የሚሉትን ሥልጠና የወሰዱ ሰዎች መሆናቸውን፣ እኛ ደግሞ ሣጥን ወደ ማጠብ እንደምንዛወር ነገረን። እኔ አጨብጭቤ አልጨረስኩም ነበር። እንዴት አልናደድ? ቆሻሻ ሳለ የእኛ ነበር፤ ሽቶ ሊሆን ሲል እጃችሁን አንሱ ተባልን። ዛሬም ሳስበው ጥርሴን ያፋጨኛል።

እኔ ያንን ማሽን ፈልጌው ነበር። ዞሬ ዞሬ አየሁት። ከታች ይፈላል፣ እንፋሎቱ በቱቦ ይሄዳል፣ ቀዝቅዞ ይንጠባጠባል። ይህማ የአክስቴ የያለምወርቅ የአረቂ ማሰሮ ነው!

አንድ ጆንያ ልጣጭ ተሸክሜ ነቬ ኢታማር ሰፈር ቤቷ ሄድኩ። ለልጇ ሠርግ አረቂ ልታወጣ እየተሰናዳች ነበር።

"የከብት መኖ ነው ያመጣህልኝ?"

ሽቶ እንደሚወጣው ነገርኳት።

"ማሰሮዬን ካበላሸኸው አንተን ነው የምቀቅልህ" አለች። ቢሆንም የማሰሮውን አፍ በሊጥ የመረገችው ራሷ ናት። ሲንጠባጠብ ውሃው ላይ ቀጭን ቢጫ ዘይት ተንሳፈፈ። ጣቷን ነክራ አሸተተች፣ ከጆሮዋ ኋላ ቀባ አደረገችው።

በማግስቱ ዘይቱን በትንሽ ጠርሙስ ይዤ ዮራም ቢሮ ገባሁ። ግን ለትልቅ ሰው ጠርሙስ አንስቶ መስጠት ነውር ሆነብኝ። በእኛ ወግ ተቀድቶ ነው የሚሰጠው። በሩ አጠገብ ለቡና ከተደረደሩት የነጭ ፎም ኩባያዎች አንዱን አንስቼ ቀዳሁና በሁለት እጄ አቀረብኩለት። ተቀበለኝ፣ ወደ አፍንጫው አስጠጋ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ አሠራሩን ይጠይቀኝ ጀመር። እኔ ስለ ማሰሮው ሳስረዳ የኩባያው ቂጥ እንደ በረዶ ቀለጠ። ዘይቱ በሙሉ ሱሪው ላይ ፈሰሰ።

ዮራም እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ይህ ዘይት ፎም እንደሚበላ ኩርሱ ላይ ከሁሉ በፊት እንደሚያስተምሩ ነገረኝ። ከዚያ ሱሪውን እየጠረገ፣

"ዘይትህ ግን ንጹሕ ነው። እሑድ ና። የደኅንነት መመሪያውን አንብበህ ትፈተናለህ፣ ካለፍክ ማሽኑ ላይ ትቆማለህ" አለኝ።

"ያንተን ኩርስ አልፈልግም" አልኩና በሩን ወርውሬ ዘጋሁት። የኤይን ሀትኽሌት ሰፈር መስኮቶች ሳይረግፉ አልቀሩም።

የሠርጉ አረቂ ብርቱካን ብርቱካን አለ። ያለምወርቅ እንዲህ ያለ ሙያ ከየት አመጣሽ እየተባለች ተመሰገነችበት፤ ለእኔ ግን አንድ መለኪያ አልቀዳችልኝም። እሑድ አልሄድኩም። ሣጥን አጠብኩ። ይኸው እስከ ዛሬ፣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር፣ ልጣጫችንን ቀምተው እንዳባረሩን እናገራለሁ። ደግሞም ውሸት አይደለም። በቃል ቢፈትኑኝ ኖሮ ያንን ማሽን ዓይኔን ጨፍኜ ፈትቼ እገጥመው ነበር።

ማያን ወለሉን ትታ መነጽሬን ስትፈልግ አመሸች፤ ሶፋውን ሁሉ አነሳችው። አታገኘውም። መነጽር ኖሮኝ አያውቅም። ዕብራይስጥ ማንበብ አልችልም።