ጋቢ የለበሰው ባትሪ

የኔነሽ ጡረታ የወጣች ሰሞን ጠዋት ጠዋት ለባብሳ፣ ፀጉሯን አስተካክላ ሳሎን ትቀመጥና በሩ እስኪንኳኳ ትጠብቅ ነበር። የሚያንኳኳ ግን አልነበረም። ጅማ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊ ሆና ስትሠራ ፈቃድ የሚጠይቀው፣ ዝውውር የሚለምነው፣ አርፍዶ ገብቶ ይቅርታ የሚለው ሁሉ በሯ ላይ ይሰለፍ ነበር። «ጡረታ ስወጣ ሰልፉም አብሮኝ የሚወጣ መስሎኝ» ትላለች አሁን ስታወራው። በራሷ መሳቅ የጀመረችው ከዚያ ወዲህ ነው። ቢሮ ሳለች በእሷ መሳቅ ይቅርና፣ በኮሪደሩ ስታልፍ በሌላ ነገር የሚስቅ ሰው እንኳ አልነበረም።

ባሏ ካረፈ ቆይቷል። አንድ ልጇ በረከት የሚሠራው አዲስ አበባ ነው። ቦሳ አዲስ ሰፈር ያለው ግቢዋ ሰፊ ነው፤ ሰው ግን የለበትም። የምታስተዳድረው ነገር ስታጣ ጊዜ ጫጩት ልታስፈለፍል አሰበች። በመብራት የሚሠራ የእንቁላል መፈልፈያ፣ ሰዉ ኢንኩቤተር የሚለውን ሳጥን አስመጣች፤ አንዱን ክፍል ለእሱ ለቀቀች፤ ከገጠር የመጡ እንቁላሎችን አንድ በአንድ እየመረጠች ደረደረች። ከጎረቤቷ ከሐጂራ ጋር ቡና ሲጠጡ «አዲስ ሠራተኞች ቀጠርኩ» አለቻት። «ሰዓታቸውን ጠብቀው ይመጣሉ፤ ፈቃድ አይጠይቁም።»

የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች ግን ሳይመጡ ቀሩ። መብራት ሄዶ ውሎ አደረና እንቁላሎቹ እንደቀዘቀዙ ቀሩ። ይህን ለበረከት በስልክ ስትነግረው ድምፅዋ ተሰብሮ ነበር። ልጁ አንጀቱ አልችል ብሎት ለፋሲካ ሲመጣ ትልቅ ባትሪ ይዞላት መጣ። ትንሽ ጀሪካን የሚያህል፣ እጀታ ያለው፣ ፊቱ ላይ ሶኬቶችና ስንት ፐርሰንት እንደቀረው የምታሳይ መስኮት ያሉት ነው። መብራት ሲኖር ግድግዳ ላይ ይሰካና ይሞላል፤ መብራት ሲሄድ ደግሞ ኢንኩቤተሩ በእሱ ላይ ይሰካል።

በረከት ሳይሄድ በፊት አስቀምጦ አስረዳት።

«እማዬ፣ ይሄ ነገር ሙቀት አይወድም። የሚተነፍስባቸው ቀዳዳዎች አሉት፣ ምንም እንዳታለብሺው። ጨርሶ ዜሮ እስኪገባ አትጠብቂ። ሞልተሽው ደግሞ ለወራት ዝም ብለሽ አታስቀምጪው፤ በየጊዜው ሥራ አሠሪው፣ ከዚያ መልሰሽ ሙዪው። ገባሽ?»

የኔነሽ ራሷን እየነቀነቀች ሰማችው። ራስ መነቅነቅ ታውቅበታለች፤ ከላይ የመጣ መመሪያ ሁሉ ሲስተናገድ የኖረው በዚያ ነው።

በረከት የተሳፈረበት መኪና ከጅማ ወጥቶ አሰንዳቦ ከተማ ሳይደርስ ባትሪው ዳንቴል ለብሶ ነበር። ቴሌቪዥኑ ለብሷል፣ ሬዲዮው ለብሷል፣ እሱ ብቻ ራቁቱን የሚቀመጥበት ምክንያት አልታያትም። ቦታም አሳምራ መረጠችለት፤ ከኢንኩቤተሩ አጠገብ፣ መስኮት ከማይከፈትበት ሞቃት ክፍል። ከዚያ አንድ ጊዜ መቶ ፐርሰንት ሞላችውና አልነካውም አለች።

ሐጂራ ልብስ ሰፊ ናት፤ የሁለቱን ግቢ የሚለየው አጥር ላይ መሹለኪያ ካበጁ ብዙ ዓመታቸው ነው። አንድ ምሽት መብራት ጠፍቶ ብቅ ብትል፣ የኔነሽ በሻማ ጭላንጭል እራቷን ትበላለች። ባትሪው ወዲያ ማዶ በዳንቴሉ ቀዳዳ መቶ ቁጥሩን ያበራል።

«ኤ፣ የኔነሽ፣ ማል ታቴ? ምን ሆነሻል? መብራት ቤትሽ ተቀምጦ በዳበሳ ትበያለሽ?»

«እሱ ለክፉ ቀን ነው።»

«አሁን ወጡን ልብስሽ ላይ አፈሰስሽው። ከዚህ የከፋ ቀን ምን ትጠብቂያለሽ?»

የኔነሽ ልብሷን ጠረገች። ባትሪውን ግን አልነካችውም።

ክረምቱ ሲገባ አዲስ እንቁላል አስገባች። አንድ ቀን ባትሪው ከመቶ ትንሽ ወርዶ ስላየችው ልትሞላው ሰካችው። ቁጥሩ ንቅንቅ አልል አለ። ከውስጡ ግን ማራገቢያው እያጓራ ነው፤ መስኮቷ ላይ ደግሞ የቴርሞሜትር ሥዕል ቀይ ሆኖ ብልጭ ድርግም ይላል። የኔነሽ ቴርሞሜትር ስታይ የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። ውጭ ዝናቡ ያለማቋረጥ ይወርዳል፤ ባትሪውን እንደ ልጅ ብርድ መትቶታል። ጋቢ አምጥታ ከዳንቴሉ በላይ አለበሰችው፣ ወደ ኢንኩቤተሩም ጠጋ አደረገችው። በማግስቱ ባትሪው ጭራሽ ዝም አለ።

በረከት ጋ ደወለች።

«አጠገቡ የሚሞቅ ነገር አለ?» አላት።

«ኢንኩቤተሩ ብቻ ነው።»

«ላዩ ላይስ?»

የኔነሽ ዞር ብላ ባትሪውን አየችው። «ዳንቴል።»

«ዳንቴል ብቻ?»

«ከዳንቴሉ በላይ ጋቢ።»

 ከዚያ በረከት በተረጋጋ ድምፅ፣ «እማዬ፣ እኔንም ያሳደግሽኝ እንዲህ ነው። ለዚህ ነው እስከዛሬ ሰው ሁሉ ሲበርደው እኔን የሚያልበኝ» አላት።

ጋቢውን ገፈፈችው፤ ዳንቴሉንም እያዘነች አነሳችው። አየር በሚያገኝበት በኮሪደሩ በርጩማ ላይ አስቀመጠችው። ሲቀዘቅዝ ራሱ ነቃና እንደ ደህና ልጅ መሙላት ጀመረ። የኔነሽም ይህን ለማንም እንዳትናገር ሐጂራን አስማለቻት። ሐጂራ ወላሂ ብላ ማለች፤ መሐላዋንም ጠብቃለች። ወሬውን ኋላ ያወጣችው የኔነሽ ራሷ ናት።

እንቁላሎቹ ሊፈለፈሉ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው፣ አንድ ከሰዓት በኋላ መብራት ሄደ። የኔነሽ ይህን ቀን ስትጠብቀው ኖራለች። ኢንኩቤተሩን ባትሪው ላይ ሰካች፣ ቁልፉን ተጫነች፣ ሁሉም በራ። ደስታዋ ብቻዋን የሚቻላት ስላልሆነ በአጥሩ ሾልካ ሐጂራ ጋ ሄደች። ሻይ ቀረበላት፤ ስለ ባትሪዋ ችሎታ ስታስረዳ ሻዩ ቀዘቀዘ።

ስትመለስ ኢንኩቤተሩ ጠፍቷል። ባትሪው ላይ ገና ብዙ ፐርሰንት አለ። ተጫነችው፣ በራ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ጠፋ። እንደገና ተጫነችው፤ እንደገና ጠፋ። በየመሃሉ እንቁላሎቹ እንዴት እንደሆኑ ለማየት ክዳኑን ትከፍታለች፤ በከፈተችው ቁጥር የቀረው ሙቀት ይወጣል። በረከት ጋ ብትደውል ኔትወርኩ ከመብራቱ ጋር ሄዷል። በመጨረሻ ባትሪው ደክሞታል ብላ ደመደመች። እየደጋገመች ብትጫነው ይበላሽባታል። ነቀለችውና እንዲያርፍ ተወችው።

ይህን ክፍል ስታወራ እስከዛሬ ትንሽ ታፍራለች። እንቁላል ለማዳን የመጣውን ባትሪ ለማዳን ብላ እንቁላሎቹን ተወቻቸው ማለት ነው።

ሐጂራ መጥታ አንዱን እንቁላል ጉንጯ ላይ አደረገች።

«እየቀዘቀዙ ነው። ሜ፣ እስቲ ነጠላሽን አምጪ።»

«ምን ልታደርጊ?»

«ዶሮ ምን ታደርጋለች? ትታቀፋለች። እኛም እንታቀፍ።»

እንደዚያው አደረጉ። የኔነሽ ሶፋው ላይ ተቀመጠች፤ ሐጂራ እንቁላሎቹን እያቀበለቻት ከፊሉን ደረቷ ውስጥ፣ ከፊሉን ሆዷ ላይ በሹራቧ ሥር አደረገችላት፤ ወገቧን በነጠላ፣ ትከሻዋን በጋቢ ሸፈነቻት። ጋቢው የባትሪው ጋቢ ነበር። የቀሩትን ሐጂራ በሻርፕ ጠቅልላ ከራሷ ቀሚስ ሥር ይዛ ትይዩዋ ተቀመጠች። ሁለት ትልልቅ ሴቶች፣ ለመተንፈስ እየተጠነቀቁ፣ ተያዩ።

የውጭው በር የተንኳኳው ይሄኔ ነው።

«የኔነሽ፣ አለሽ?»

ድምፁን አወቀችው። አቶ ጣሰው ናቸው፤ መሥሪያ ቤቱን ለብዙ ዓመት የመሩት፣ የእሷ የቀድሞ አለቃ። እሳቸው ሲገቡ ከወንበሩ ያልተነሳን ሠራተኛ ቢሮዋ ጠርታ ሥነ ሥርዓት የምታስተምረው የኔነሽ ራሷ ነበረች። አሁን ባርኔጣቸው ላይ ያለውን ዝናብ እያራገፉ ገቡ፤ እሷም እንደተቀመጠች «ይግቡ፣ ጋሼ ጣሰው፣ ይቀመጡ» አለቻቸው።

አቶ ጣሰው ቆመው ጠበቁ። እሷ ግን አልተነሳችም።

«አሞሻል እንዴ?»

«ወገቤን ያዘኝ።»

እሳቸው ስለ ወገብ የሚያውቁት ብዙ ነበር። ወንበር ስበው ተቀመጡና ስለ ራሳቸው ወገብ፣ ስለታሹበት ቅባት፣ በእንፋሎት ታክሞ ስለዳነ ዘመዳቸው ተናገሩ። የመጡት የልጃቸውን ሠርግ ሊጠሯት ነበር፤ ወደዚያ ለመድረስ ግን የሚቸኩሉ አልመሰሉም። ሐጂራ ወለሉን አትኩራ ትመለከታለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። የኔነሽ እንዳታያት ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። ቢያስቃት እንቁላሎቹ ይጋጫሉ።

እንቁላል ሊፈለፈል ሲል ጫጩቱ ከውስጥ ይጮኻል። አንዱ ከየኔነሽ ደረት ውስጥ «ጭው» አለ።

አቶ ጣሰው ንግግራቸውን አቋረጡ። «ስልክሽ ነው መሰለኝ።»

«አዎ፣ ስልኬ ነው።»

«አንሺው እንጂ።»

«ግድ የለም፣ ኋላ ይደውላሉ።»

«ጭው ጭው» አለ ደረቷ። ሁለተኛው ከሆዷ በኩል መለሰለት።

«ሁለት ስልክ ነው የያዝሽው?» አሉ አቶ ጣሰው።

ሐጂራ መሐላዋን ጠብቃ አንድ ቃል ባትተነፍስም ሊያፈርሳት የደረሰ ሳቅ አመለጣት። የኔነሽም ከዚህ በላይ መዋሸት አቃታት። ስለ መብራቱ፣ ስለ ባትሪው፣ ጋቢውም ሳይቀር ሁሉንም ነገረቻቸው። አቶ ጣሰው ፊታቸው ሳይለወጥ አዳመጡ፤ ስብሰባ ላይም እንዲያ ነበሩ። ስትጨርስ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ዝናብ ያልነካውን ውስጡን በመሐረባቸው ጠረጉና ወደ ሐጂራ ዘረጉት።

«ለእኔም ጥቂት ስጪኝ» አሉ። ከዚያ ካፖርታቸውን በባርኔጣው ላይ ቆልፈው ስለ ሠርጉ ማውራት ጀመሩ።

እንዲህ ሆነው ተቀምጠው ሳሉ ኔትወርኩ መጣና በረከት ደወለ። እናቱ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለማድረግ እጅ ስላልነበራት ሐጂራ ያዘችላት።

«ባትሪው ደክሟል፣ በየመሃሉ ይተኛል» አለችው።

«አልደከመም፣ እማዬ። ኢንኩቤተሩ ሲሞቅለት ማሞቂያው ለጥቂት ጊዜ ይጠፋል አይደል? ያኔ የሚስበው ኃይል በጣም ትንሽ ስለሚሆን ባትሪው ምንም አልተሰካብኝም ብሎ ለቁጠባ ራሱን ያጠፋል። ቁልፉን ነካ አድርገሽ አትተዪው፤ ጫን ብለሽ ትንሽ ያዢው። ከዚያ ሳታጠፊው አይጠፋም።»

የኔነሽ ስለማትንቀሳቀስ የሰማችውን ነገረቻቸው፤ አቶ ጣሰው ተነስተው ወደ ኢንኩቤተሩ ክፍል ገቡ። አንድ እጃቸው ካፖርታቸውን ደግፎ፣ በሌላው ሶኬቱን ሰክተው ቁልፉን ጫን አድርገው ያዙት። ኢንኩቤተሩ በራ። ሦስቱም እስኪሞቅ ጠበቁት። ከዚያ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ መለሷቸው፤ ከየኔነሽ ልብስ ውስጥ የመጨረሻውን ለማግኘት አቶ ጣሰው ፊታቸውን አዙረው እንዲቆሙ ተጠየቁ።

ሁሉም አልተፈለፈሉም። አንዳንዶቹ እንደቀዘቀዙ ቀሩ፤ የኔነሽ እነዚያን ስታስብ ያሳረፈችውን ባትሪ ታስታውሳለች። ብዙዎቹ ግን ወጡ። አቶ ጣሰው በነጋታውም በሦስተኛውም ቀን እየመጡ «የእኔዎቹ የትኞቹ ናቸው?» ይላሉ፤ የኔነሽም ሳታውቅ ታሳያቸዋለች። በሠርጉ ላይ የጋቢውንም የደረቷንም ጉድ ደብቃ ላትተርፍ ስለሆነ፣ ሰዎች ከአቶ ጣሰው ሳይሰሙት ቀድማ ራሷ አወራችው። ሰዉ እንደዚያ በእሷ ሲስቅ ያየችው የመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ደስ አላት፤ ሳቁ ሲያልቅ እንደገና አወራችው።

አሁን ከጅማ ውጭ ከሸቤም ሰው እየመጣ ጫጩት ይወስዳል። ባትሪው ኮሪደሩ ላይ ነው፤ አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ትጠርግለታለች፣ ወለል ሲታጠብ ከፍ ታደርገዋለች፣ ፐርሰንቱ በጣም ሳይወርድ ትሞላዋለች። ኢንኩቤተሩ ሥራ ሲፈታም ሥራ አታስፈታውም፤ መብራት በሌለ ቀን ለሐጂራ የስፌት መኪና ትልከዋለች።

በረከት ለመስቀል መጥቶ ዙሪያውን እየዞረ አየው። የጎደለ ነገር አላገኘም።

«ሁለተኛ ልጨምርልሽ እንዴ?» አላት።

«ቆይ እስቲ» አለችው። «በዚህኛው ገና የሙከራ ጊዜዬን አልጨረስኩም።»

በረከትም ትቶት ከፊቱ ያለውን የተጠበሰ በቆሎ አነሳ።