ምራቂ የለመደ እጅ

ኮልፌ 18 ማዞሪያ አጠገብ ትልቁ ሱፐርማርኬት ተከፍቶ ብዙነሽ የአትክልት ሚዛን ላይ ስትቀጠር፣ ሰፈሩ ሁሉ «ተገላገልሽ!» አላት። እውነትም ተገላግላለች። ዝናብ የለ፣ ጭቃ የለ፣ «ደንብ መጣ!» ሲባል እቃ ጠቅልሎ መሮጥ የለ። ገበያው ቢደራም ባይደራም ወር ሲደርስ ደሞዝ አለ። የሙከራ ጊዜዋን ጨርሳ ቋሚ ከሆነች ደግሞ እናቷ ወይዘሮ አጸደ ከቀራንዮ ጉሊት ይነሳሉ። ጉልበታቸው አልታዘዝ ካላቸው ቆይቷል። ብዙነሽ የምትመኘው ይህንኑ ብቻ ነው።

ሥራው ክፉ ጎን የለውም አይባልም። ቀኑን ሙሉ ቆሞ መዋል አለ፤ ማታ ሲወጡ እንደ ሌባ ቦርሳ መፈተሽ አለ። እሷን የሚያስጨንቃት ግን ከሚዛኑ በላይ የተሰቀለው ካሜራ ነው። የሰው ቁጣ ከፊቱ ይታወቃል፤ የካሜራ በምን ይታወቃል?

አንድ ቅዳሜ እትዬ አልማዜ መጡ። የእናቷ የጥንት ደንበኛ ናቸው፤ ብዙነሽን ጉሊቱ ሥር ስትድህ ጀምሮ ያውቋታል።

«ብዙዬ! ዩኒፎርሙ አምሮብሻል እኮ!»

ብዙነሽ ደስ እያላት ቲማቲሙን መዘነች፣ ዋጋውን ለጠፈች። ከረጢቱን ልታቀብላቸው ስትል ግራ እጇ ብድግ ብሎ ሁለት ቲማቲም ጨመረ። ምራቂ ነዋ! ጉሊት ያደገ ልጅ ደንበኛ ያለ ምራቂ ሲሸኝ አይቶ አያውቅም። እትዬ አልማዜም ምንም አልመሰላቸውም፤ «ተባረኪ» ብለው ሄዱ።

ያደረገችው የገባት ቀና ስትል ነው። ካሜራው ቁልቁል ያያታል። እትዬ አልማዜን እንዳትጠራቸው ከፍለው ወጥተዋል።

«ባክሽ ተይው» አለቻት አብራት የምትሠራው ሌሊሴ፤ «ለሁለት ቲማቲም ማን ቁጭ ብሎ ያያል?»

ቀኑ ግን አልመሽ አላት። የጥበቃው ሬዲዮ በጮኸ ቁጥር ስሟ የተጠራ ይመስላታል። ሳንድዊቿን እንኳ ሳትቀምሰው ዋለች።

ለካ የሚያይ ነበረ። ሊመሽ ሲል ሥራ አስኪያጁ ግሩም ቢሮው አስጠራት።

«የማንን ቲማቲም ነው የምትመርቂው? የእናትሽ ነው?»

«ሁለተኛ አይለምደኝም» አለች።

«ሁለተኛ ካየሁ ቋሚ የሚባለውን እርሺው።»

ግሩም ክፉ ሰው አይደለም፤ እሱንም ከበላይ የሚያየው አለ። ብዙነሽ ቤት ገብታ የሆነውን ሁሉ ለእናቷ ነገረቻቸው።

ከዚያ ወዲህ ግራ እጇ የሽርጧ ኪስ ውስጥ ይውላል። በቀኝ ትመዝናለች፣ በቀኝ ትለጥፋለች፣ በቀኝ ታቀብላለች። ደንበኛ «መርቂልኝ» ሲላት ኪሷ ውስጥ ጣቶቿን ጭብጥ ታደርጋለች። እንዲህ እያለች የሙከራ ጊዜዋን ልታገባድድ ምንም አልቀራት።

በእረፍቷ ቀን እናቷን ልታግዝ ጉሊት ወረደች። ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው እትዬ አልማዜ መጡ። ብዙነሽ አንድ መደብ ሽንኩርት አንስታ ዘንቢሉ ውስጥ ጨመረችና ቆመች።

«እህስ? ምራቂው የት አለ?» አሉ እትዬ አልማዜ እየሳቁ። «እዚያ ፎቁ ውስጥ እንኳ መርቀሽልኝ የለ?»

ብዙነሽ ቀና ብላ አየች። ከራሷ በላይ እናቷ ለፀሐይ የወጠሩት አሮጌ ሸራ እንጂ ሌላ ነገር አልነበረም። ግራ እጇ ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ተጨብጧል።

ወይዘሮ አጸደ የልጃቸውን ዓይን ተከትለው ሸራውን አዩ። ከዚያ እያቃሰቱ ጎንበስ አሉና ሁለት ራስ ሽንኩርት አንስተው ዘንቢሉ ውስጥ ጨመሩ።

«አይዞሽ ልጄ» አሏት ቀስ ብለው፤ «እዚህ የሚያይሽ የለም።»

ብዙነሽ እንባዋ መጣ። እጇን ከኪሷ ማውጣት ግን ፈራች።