በአንድ እጅ የሚፈታ ቋጠሮ

የዲላዋ ቤተ ክርስቲያናችን የሴቶች ወንጌል ኅብረት በየዓመቱ፣ የቡናው ለቀማ ሲያበቃ፣ ወደ ተራራማዋ የሬኮ መንደር ይወጣል። ወንዶቹ መድረክ አላቸው፤ ሴቶቹ የሚገቡት በጓሮ በር ነው። አራስ ያጥባሉ፣ ከታመመ ሰው አጠገብ ይቀመጣሉ፣ እንሰት ሲፋቅ አብረው ይፍቃሉ፤ መዝሙሩም ከዚያው መካከል ይነሣል።

ሙሉካ ከኅብረቱ ጋር ሃያ ዓመት ሊሞላት ነው። ሬኮን ግን አይታው አታውቅም ነበር። ባሏ ደመላሽ ቀኝ ጎኑ ሽባ ሆኖ ቤት ስለዋለ፣ የእሷ ድርሻ ሁልጊዜ ስንቅ ማዘጋጀት ነበር። ቆጮውን ጋግራ፣ በኮባ ጠቅልላ፣ በቃጫ ታስራለች። ቋጠሮው የራሷ ነው፤ አንዱን ጫፍ ሳብ ሲያደርጉት ፍትት ይላል። ደመላሽ በግራ እጁ ፈቶ እንዲበላ፣ «ፍቱልኝ» ብሎ ሰው እንዳይለምን ያወጣችው ዘዴ ነው።

አንድ ዓመት ሴቶቹ ሲመለሱ ያ ቃጫ ታጥቦ፣ ተጠቅልሎ መጣላት። የላከችው ከስንቁ የደረሳት ኤልቤቴል የምትባል የሬኮ አራስ ነበረች። «ይህን ያሰረችውን ሴት ሳሙልኝ» ብላለች። «ልጄን ከጡቴ ሳላወርድ በአንድ እጄ ፈታሁት። ማን ነገራት?»

ከዚያ ወዲህ ቃጫው በየዓመቱ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ሙሉካም ተመላሾቹን መውጫ መግቢያ ታሳጣለች። ቁመቷ እንዴት ነው? ስትስቅ አፏን ትሸፍናለች? ወንዙ ከቤቷ ይሰማል?

«ለወንድምሽ ልታጪያት ነው እንዴ?» ትላታለች የኅብረቱ መሪ ትጊ። «ባል አላት እኮ!»

ሁሉም ይስቃሉ። ሙሉካም ትስቃለች፤ ከዚያ ጓሮ ገብታ ለብቻዋ ታዜማለች፦

ስንቄ ቀድሞኝ ሄዶ ሬኮ ላይ ደረሰ፣
ልቤ ተከትሎት ስንቴ ተመለሰ።

ባለፈው ክረምት ደመላሽ ዐረፈ። እጇ ግን አልሰማም መሰለኝ፣ ያንኑ ቋጠሮ ማሰሩን አልተወም። ጫፉን የሚስብ ሰው ብቻ ጠፋ።

ጥር ላይ በኅብረቱ ስብሰባ መካከል ብድግ አለች።

«ዘንድሮ እኔም እሄዳለሁ።»

ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። ትጊ ስልኳን አወጣች፤ «ለኤልቤቴል ልደውልላት።»

«እንዳትደውይ! ይህን ሁሉ ዘመን ስሜን እንጂ ፊቴን አታውቅም። ድንገት በሯ ላይ ልቁምባት።»

ከጨለለቅቱ ከተማ በኋላ መንገዱ የሞተር ነው። «እማማ፣ ወገቤን እንጂ አንገቴን አይያዙ!» አለ ሞተረኛው።

«ቀስ በል አንተ! ስንት ዘመን የጠበቅሁትን መንገድ በአንድ ትንፋሽ ልትጨርስብኝ ነው?»

ማንም ሳያሳያት ሁሉን ዐወቀችው። ቡና ማጠቢያውን፣ ቡናው የተሰጣባቸውን ረጃጅም አልጋዎች፣ የእንጨቱን ድልድይ። ሃያ ዓመት ሲተረክላት በልቧ ስትመላለስበት የኖረችው መንገድ ነው።

የኤልቤቴልን በር የከፈተው ባሏ ቶሌራ ነበር፤ እጁ ሊጥ በሊጥ ሆኗል።

«እንኳን ደህና መጣችሁ። ኤልቤቴል የለችም። የእኛም ሴቶች እንደ እናንተ ኅብረት አቋቁመው የለ? ከተራራው ማዶ ሕፃን የሞተባት አራስ አለች ሲሏቸው ትናንት ማለዳ ወጡ። ሰሞኑን አይመለሱም። እኔን ከጉልቻ ጋር ትታኝ ሄደች!» ብሎ ሳቀ።

የሳቀለት አልነበረም። ሙሉካ የበሩን መቃን ያዘች። ወንዙ ይሰማል። ከቤቷ ጥርት ብሎ ይሰማል።

«እንኳን ሄደች» አለች። ድምፅዋ ግን ቃሏን አልተከተለም።

ቶሌራ ወደ ጓዳ ገብቶ በኮባ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ተመለሰ። ለትጊ ዘረጋላት።

«የዲላዎቹ ሲመጡ ስጣቸው ብላኛለች። ለዚያች ሁልጊዜ ለምትቀረው ሴት አድርሱላት።»

«እሷው ናት» አለች ትጊ፣ ወደ ሙሉካ እያየች።

ሰውየው ሊጥ በነካው እጁ ራሱን ያዘ። «እርስዎ ነዎት? ወይኔ! መምጣትዎን ብታውቅ ነገ እሄዳለሁ ትል ነበር እኮ!»

ሙሉካ ጥቅሉን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ቋጠሮው የራሷ ነው፤ ቀለበቱ ብቻ ትንሽ ሰፋ ብሏል፣ የሌላ ሴት ጣት ስለሠራው። ቀኝ እጇን በነጠላዋ ውስጥ ሸሸገች። በግራዋ፣ ልክ እንደ ደመላሽ፣ ጫፉን ሳብ አደረገችው። ፍትት አለ።

ከቆጮው ቆርሳ ለሁሉም አዳረሰች፤ ለራሷ የመጨረሻዋን ጉርሻ አስቀረች። ከዚያ ወንዝ ወርዳ ቃጫውን አጠበችው፤ ተራራውን እያየች ጠቀለለችው። ስትመለስ ለቶሌራ ሰጠችው።

«ሁልጊዜ ወደ እኔ ይመለስ ነበር እንጂ እዚህ ቀርቶ አያውቅም» አለችው። «አሁን እሷ ትመልስልኝ።»

«እሺ፣ ጨለለቅቱ የሚወርድ ሰው ሲገኝ...»

«አይሆንም» አለች ሙሉካ፣ መዳፉን በቃጫው ላይ እየዘጋችለት። «በሰው እንዳትልከው በላት።»