የመዝገቡ ወገብ

ለብ ያለ ውሃ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ሐሳቡ አንድ ቦታ አይረጋም። መዝገቡ ከሰዓት በኋላ፣ ሚስቱ አስካል ሥራ ስትሄድና ልጁ ፊያሜታ በሯን ዘግታ ትምህርቷን በኮምፒውተር ስትከታተል፣ ገንዳውን ሞልቶ ይገባና ዓይኑን ይጨፍናል። ሕመሙ ቀስ በቀስ ይላላለታል። በመስኮት የሚገባው የላስቬጋስ ፀሐይ ውሃው ላይ አርፎ ጣሪያው ላይ ይወዛወዛል፤ እሱም ያንን እያየ ሰመመን ይወስደዋል። በሰመመኑ ሁልጊዜ የሆቴሉን ሚኒባስ እየነዳ ነው። ካዚኖዎቹ የተደረደሩበት ጎዳና፣ ስትሪፑ ላይ፣ ሰው የለም፣ መብራቱ ጠፍቷል፣ እርግቦች መሀል አስፋልት ላይ እንደ ባለቤት ይንጎራደዳሉ። ከኋላ ወንበር ላይ ወንድሙ ግዛቸው ተቀምጧል። የት እንደሚወርድ አይናገርም። መዝገቡም አይጠይቀውም፤ ከሞተ ሰው ጋር የሚሄዱበትን መንገድ ማን ደፍሮ ይጠይቃል?

መዝገቡ ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ዕድሜውን ያሳለፈው እንግዳ ከኤርፖርት ወደ ሆቴል በማመላለስ ነው። በፈረንጆቹ 2020 ኮሮና መጥቶ ካዚኖዎቹ ሲዘጉ እሱም ቤቱ ዋለ፤ ሲከፈቱም የእሱ ሚኒባስ እንደቆመች ቀረች። ስለዚህ በራሱ መኪና ምግብ ማድረስ ጀመረ። በዚያ የበጋ ሙቀት ውሃ መጠጣት እየረሳ፣ ሽንት ቤት ፍለጋ መቆም እየሰለቸው፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ዋለ። ከዚያ ነው ነገሩ የመጣው። ሽንት ቤት መቀመጥ የተሰበረ ጠርሙስ ላይ እንደመቀመጥ ሆነበት፤ ከተነሣም በኋላ ሕመሙ ለሰዓታት አይለቀውም። አንድ ቀን ወረቀቱ ላይ ደም አየ።

ደሙን ባየ ጊዜ ወንድሙን አሰበ። ግዛቸውም እንዲህ ነበር የጀመረው። «ኪንታሮት ነው፣ ይተወኛል» እያለ፣ ያገኘውን ሥር ሁሉ እየቀባ፣ ለሐኪም ሳያሳይ ከረመና፣ ሲያሳይ የአንጀት ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ወዲያው ነው የሄደው። መዝገቡ እንግዲህ የፈራው ሐኪሙን አልነበረም። ሐኪሙ አፉን ከፍቶ የሚናገረውን ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያለ ስንቱን ሰው ሲመክር የኖረ ሰው፣ ተራው ሲደርስ ምክሩን ዋጠው።

አስካል ግን ዓይን አላት። ሲቀመጥ ፊቱ ሲጨማደድ አይታ «ምን ሆነሃል?» ብላ ያዘችው።

«ወገቤን ነው» አላት።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደህና ነበር። ቤተ ክርስቲያናቸው በኮሮና ምክንያት ከተዘጋ ወዲህ ምዕመኑ በየማለዳው በስልክ መስመር ላይ እየተሰበሰበ ይጸልያል። ጸሎቱን የሚመሩት ጋሽ ኃይለማርያም ናቸው፤ ኢንስፒራዳ በሚባለው ሰፈር ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ፣ ድምፃቸው ያለ ስልክም የሚሰማ የሚመስል ሽማግሌ። አንድ ማለዳ «የጸሎት ርዕስ ያለው» ሲሉ አስካል ስልኩን ነጥቃ «የመዝገቡን ወገብ አስቡልኝ» አለች።

«ወንድም መዝገቡ» አሉ ጋሽ ኃይለማርያም፣ «እጅህን በሚያምህ ቦታ ላይ ጫን።»

አስካል አጠገቡ ቆማ ታየዋለች። መዝገቡ እጁን ወገቡ ላይ ጫነ። ሰዉ ሁሉ በአንድ ድምፅ ስለ አከርካሪው፣ ስለ ዲስኩ፣ ስለ ነርቩ ሲማልድ፣ እሱ በልቡ «ጌታ ሆይ፣ አድራሻውን አንተ ታውቀዋለህ» አለ። ከልቡም አለቀሰ።

ከዚያ ወዲያ ወገቡ የሕዝብ ሆነ። የጋሽ ኃይለማርያም ባለቤት እትዬ ብርቅታይት የሚሞቅ ጨርቅ ላኩ። አንዱ የወገብ ቀበቶ አመጣ፣ ሌላው የስፖርት ቪዲዮ ላከ፣ ፍራሽ ይለወጥ ያለም አለ። መዝገቡ ሁሉንም አመስግኖ ተቀበለ። ሰው ባየ ቁጥር እጁን ወገቡ ላይ ያደርጋል፤ ቀበቶውን ታጥቆ እየተንቀሳቀሰ፣ የዋሸውን ሲያስታምም ዋለ።

እውነተኛውን ሕመም ደግሞ በስልኩ ላይ ሸሽጎ ያስታምመዋል። ሽንት ቤት በሩን ቆልፎ ሲያነብ፣ የማያውቃቸው ሰዎች ለዚያ ቦታ የሄምፕ ቅባት እንደረዳቸው የጻፉትን አገኘ። አንዷ «በሳምንት ዳንኩ» ትላለች፣ ሌላው «አዲስ ሰው ሆንኩ» ይላል። ምስክርነት ነው፤ መዝገቡ ደግሞ ምስክርነት ሲሰማ ያደገ ሰው ነው። የከበደው ቃሉ ነበር። በእነሱ ጉባኤ ሄምፕ ቢሉት፣ ከእሱ የሚወጣውን ሲቢዲ ቢሉት ያው ሀሺሽ ነው። እንደ እሱ ያለ የቤተ ክርስቲያን አስተናጋጅ ሀሺሽ ሱቅ ገባ ቢባል፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ደግነቱ ጊዜው የማስክ ጊዜ ነው። ማስኩን እስከ ዓይኑ፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ አድርጎ ሜሪላንድ ፓርክዌይ በሚባለው ጎዳና ላይ ካለች አንዲት ጠባብ የሄምፕ ሱቅ ገባ። ውስጡ ጸጥ ያለ ነው፤ ለስላሳ ሙዚቃ ይሰማል፣ መደርደሪያው ላይ ትንንሽ ብልቃጦች ወርቃማ ብርሃን ተኝቶባቸዋል። ለአፍታ ሕመሙን ረሳ። ከእነዚህ በአንዱ ውስጥ ነፍሴ አለች ብሎ አሰበ። ፀጉሯን አረንጓዴ የቀባች ወጣት ሻጭ መጣችና «ለየትኛው ቦታ ነው?» ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀችው።

እጁ ብቻውን ወደ ወገቡ ሄደ። «ባክ» አላት።

ልጅቷ ምን ታድርግ? ለወገብ የሚሆነውን፣ ያላትን ኃይለኛውን ሰጠችው።

በማግሥቱ ከውሃው ወጥቶ፣ ተስፋ አድርጎ፣ አብዝቶ ተቀባው። መጀመሪያ ቀዘቀዘው። «ጌታ ይባረክ» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ቅዝቃዜው ወደ ሙቀት ዞረ፣ ሙቀቱ ወደ እሳት። እሳቱ የመዝገቡን ጨዋነት በላው። ያወጣው ድምፅ ጎረቤት ድረስ ሳይሰማ አልቀረም፤ ገንዳው ውስጥ ተመልሶ ወድቆ ቧንቧውን ከፈተና ዝም ብሎ ተንሰፈሰፈ።

«አባዬ? አር ዩ ኦኬ? አባዬ ክፈት» ፊያሜታ በሩን ትደበድባለች።

«አትግቢ። ደህና ነኝ።»

«ደህና አይደለህም። ምን ሆንክ? ወገብህ ነው?»

መዝገቡ መልስ ለመስጠት አፉን ከፈተ፤ ያ የለመደው ቃል አልወጣም አለው። ደክሞታል። ብልቃጡን በበሩ ሥር ለማሳለፍ ሞከረ፣ አልገባም። በሩን ጣት በምታህል ቀዳዳ ከፍቶ አቀበላት። ፊያሜታ እዚያው ከተማ ዩኒቨርሲቲ ነርሲንግ የምትማር ልጅ ናት፤ አማርኛዋ ይንገዳገዳል እንጂ አቋሟ ቀጥ ያለ ነው። ወለሉ ላይ ተቀምጣ በበሩ ማዶ አነበበች።

«ይሄ ለመስል ነው አባዬ፣ ለጡንቻ። ሜንቶል አለው። ካፕሳይሲን አለው።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«በርበሬ።»

መዝገቡ ተመልሶ ገንዳው ውስጥ ገባና ቧንቧውን ይበልጥ ከፈተው።

«የት ነው ያደረግከው?» አለች ዝግ ብላ።

ነገራት። አባት ለሴት ልጁ የማይነግረውን፣ በሩን ከለላ አድርጎ፣ ውሃው እየፈሰሰ ነገራት። አልሳቀችም። ኮምፒውተሯን አምጥታ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ ለረጅም ጊዜ የጣቶቿ ድምፅ ብቻ ይሰማ ነበር። መዝገቡ እንደ ዝናብ ድምፅ ሰማው። በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን ያልሆነ መሰለው።

«ስለ ሄምፕ ቼክ አደረግሁ» አለች በመጨረሻ። «ሰዎች ለኔ ሰርቷል ይላሉ። ሜይቢ ሰርቷል። ግን ለዚያ ቦታ ሰው ላይ በደንብ የተሞከረ ጥናት አላገኘሁም። ይሄኛው ቁስል ላይ አይደረግም። ሜንቶል የሌለው ቢሆን፣ እንደ ቫዝሊን ያለሰልስ ይሆናል፣ ከዚያ በላይ ማንም አያውቅም። ለብ ያለው ውሃ ግን ጥሩ ነው፣ እሱን ኮንቲኒው አድርግ።» ከዚያም፣ «ደም አለ?»

«አለ።»

«እንግዲያ ቅባቱን ተወው። ምን እንደሆነ ሳናውቅ ምንድን ነው የምንቀባው?»

መዝገቡ ያን ጊዜ ስለ ግዛቸው ነገራት። ፊያሜታ አጎቷ በልብ ሕመም እንደሞተ ነበር የምታውቀው። ያን ውሸትም የፈጠረው መዝገቡ ራሱ ነው። በበሩ ማዶ ስታለቅስ ሰማት፤ እሱም ውሃው ውስጥ ተቀምጦ አለቀሰ። «እሱን ይዞት የሄደው ይሄ ከሆነስ?» አላት። «ልሞት እሆናለሁ፣ ፊያሜታ። ለዚህ ነው ያልሄድኩት።»

«አብሬህ እሄዳለሁ» አለች።

ያን ማታ ለአስካል ነገራት። አስካል ቀበቶውን ከወገቡ ፈትታ ጠቀለለችና መሳቢያ ውስጥ ከተተችው፤ ሁለት ቀን አላናገረችውም፤ በሦስተኛው ቀን አጃ ቀቅላ አቀረበችለት።

ሐኪሟ ነገር የማታካብድ ሴት ነበረች። አይታ ስትጨርስ መሰንጠቅ ነው አለች፤ የፊንጢጣው ጫፍ ተሰንጥቆ፣ ጡንቻው ስለሚጨመደድ መዳን እምቢ ያለ። ነገር ግን የወንድሙን ታሪክ ስትሰማ አንጀቱም በካሜራ ይታይ አለች። ፊያሜታ የሄምፑን ብልቃጥ አውጥታ አሳየቻት። ሐኪሟ አገላብጣ አየችው፤ ብዙ ሰው እንደሚጠይቃትና ሄምፕን እንደማትጠላ፣ ማስረጃው ሲመጣ ደስ ብሏት እንደምታነበው፣ እስከዚያ ግን ጡንቻውን የሚያላላ የታወቀ ቅባት እንደምታዝለት ነገረችው። ውሃ ይጠጣ፣ ባቄላና አጃ ይብላ፣ ሽንት ቤት ስልክ ይዞ አይቆይ አለች። ይሄን የመጨረሻውን አስካል ብትሰማው ደስ ባላት ነበር።

የካሜራው ውጤት እስኪመጣ መዝገቡ በሁለት ዓለም መሀል ኖረ። መንገዱ፣ ቀዩ መብራት፣ የሚያደርሰው ምግብ ሽታ ሁሉ ከሩቅ የሚመጣ ሆነበት። ውጤቱ ሲነገረው መኪናውን ፓርክ አድርጎ ሰማ። ንጹሕ ነው። ስልኩን ዘግቶ ተራሮቹን አያቸው፤ ሐምራዊ ሆነው ነበር፣ ከዚያም ጠቆሩ። ያን ሰሞን ውሃው ውስጥ ሲያንቀላፋ ግዛቸው ከኋላ ሆኖ «ወራጅ አለ» አለው። አንድ ጥግ ላይ አወረደው፤ ወንድሙ በሩን በቀስታ ዘግቶ፣ ወደ ኋላ ሳያይ ሄደ። የብርዱ ወራት ሲያልፍ ቁስሉም ገጠመ።

በ2021 ጸደይ ቤተ ክርስቲያኑ ተከፈተ። ሰዉ ወንበር እየዘለለ ተራርቆ ተቀመጠ። ፓስተር ፊሊጶስ ማይክሮፎኑን ይዘው «የወንድም መዝገቡን ወገብ ጌታ እንደፈወሰ ሰምተናል። ይምጣና ይመስክር» አሉ።

ከመቀመጫው እስከ መድረኩ ያለው መንገድ እንደ ሕልም ረዘመበት። «ተመስገን፣ ድኛለሁ» ብሎ መውረድ ይቻላል። ማን ያውቃል? ሰዉ እልል ይላል፣ ነገሩ ይዘጋል። ማይክሮፎኑን ተቀበለ።

«ወገቤ ደህና ነው» አለ። «ድሮም ደህና ነበር። የጸለያችሁለት ወገብ አንድ ቀን ታሞ አያውቅም። የታመመው መቀመጫዬ ነው። ሽንት ቤት ስቀመጥ ደም ይፈሰኝ ነበር። ወንድሜ ግዛቸው ይሄንኑ ደም አፍሮ ደብቆ ሞተ። እኔም አፍሬ ልሞት ነበር። ልጄ ናት እጄን ይዛ ሐኪም ቤት የወሰደችኝ። ጌታ በዚያ መንገድ ፈወሰኝ። ይቅር በሉኝ።»

አሜን የሚል ጠፋ። አንድ ሰው አሳለው። ከኋላ ያሉት ወጣቶች አንገታቸውን ደፍተው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ፓስተር ፊሊጶስ ዘግየት ብለው «አሜን» አሉና መዝሙር አስጀመሩ። መዝገቡ ፊቱ እየነደደ ወጥቶ መኪናው ውስጥ ተቀመጠ። ምን አስቀባጠረኝ ብሎ ራሱን ረገመ።

የተሳፋሪው በር ተከፈተ። ጋሽ ኃይለማርያም ሳይጋበዙ ገብተው ተቀመጡ፣ በሩን ዘጉ። ያ ትልቅ ድምፅ ከማስኩ ሥር ሲወጣ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

«ያየኸው ደም» አሉ፣ «ቀለሙ ምን ዓይነት ነው?»

«ቀይ ነው፣ ጋሼ።»

አሻግረው መንገዱን አዩ። «ጥቁር ከሆነስ?»

ጥቁሩ ከላይ፣ ከሆድ ውስጥ የሚመጣ እንደሆነ ሐኪሟ ነግራዋለች፤ መዝገቡ ዞሮ አያቸው። የሸሚዛቸው አንገት ሰፍቷቸዋል፤ መክሳታቸውን እስከዚያች ደቂቃ አላስተዋለም ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከገና ወዲህ።»

«ለማን ነገሩ?»

«ለማንም። ብርቅታይትን ጉልበቴን ነው ያልኳት።»

መዝገቡ አልሳቀም። ሞተሩን አስነሣ። «ድንገተኛ ክፍል እሑድም ክፍት ነው» አለ። «አሁን እንሄዳለን።»

«ሰዉ ሳይወጣ ቶሎ ንዳ» አሉ ሽማግሌው። የመኪናውን ቀበቶ ማሰር ሲያቅታቸው መዝገቡ ጎንበስ ብሎ አሰረላቸው። ማርሹን ግን አላስገባም።

«እትዬ ብርቅታይትን ልጥራቸው?»

ጋሽ ኃይለማርያም ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከአዳራሹ የመዝሙሩ ድምፅ ይመጣል።

«ጥራት» አሉ።